የፊደል መልመጃዬን የት ልሽጥ?

«ሰላም ጋሼ፣

የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለተማሪዎቼ ብዬ የጀመርኩት የፊደል መልመጃ እያደገ እያደገ 64 ገጽ ደረሰ። ከሀ እስከ ፐ ለእያንዳንዱ ፊደል ድምፄን ቀድቼ አብሬ አስቀምጫለሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው እህቴ ለልጆቿ ልኬላት ነበር። ጎረቤቶቿ አይተው «ለእኛም ትሽጥልን» አሏት። እዚህም የሚጠይቁኝ ወላጆች በዝተዋል። አንዱ ሾፒፋይ ክፈቺ ይለኛል፣ ሌላው ጋምሮድ፣ ሌላው ኤትሲ። አንዲት ባልደረባዬ ደግሞ «በቪፒኤን ገብተሽ የእህትሽን አድራሻ ጻፊ፣ ማን ያውቃል» ትለኛለች። ቴሌግራም ብቻ ቢሆንስ? የቱ ይሻለኛል?

መምህርቷ፣ ከባሕር ዳር»

መምህርት፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽ ውስጥ የሦስት የውጭ የኦንላይን ሱቆች ስም አለ። አንድ ነገር ግን የለም፤ ከገዢው ኪስ የወጣው ገንዘብ በየት በኩል አንቺ ዘንድ እንደሚደርስ። እኔ የምጀምረው ከዚያ ነው። ምክንያቱም እኔ ራሴ በዚህ ተቃጥያለሁ።

ከዓመታት በፊት የሠርግ ጥሪ ካርድ ንድፎችን በኦንላይን ልሸጥ ተነሳሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የውጭ ፕላትፎርም ላይ ሱቅ ከፈትኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀለም ስመርጥ፣ ፎቶ ስቀይር፣ ጽሑፍ ሳሳምር ቆየሁ። አሥራ አንድ ሰው ገዛኝ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ከዚያ ገንዘቡን ላወጣ ስል የአገሮች ዝርዝር መጣ፤ ኢትዮጵያ የለችም። ልክ ባልደረባሽ እንዳለችሽ የዘመዴን የውጭ አድራሻ አስገባሁ። ጥቂት ቀን ቆይተው መታወቂያና የባንክ ማስረጃ ጠየቁኝ። ስሙ ከአድራሻው ጋር አልገጥም አለ። አካውንቱ ተዘጋ፣ ገንዘቡም እዚያው ቀረ። የገዙኝን ሰዎች አንድ በአንድ ይቅርታ ስጠይቅ ያሳለፍኩትን ሳምንት አልረሳውም።

ስለዚህ የቪፒኤኑን ነገር ተይው። እነዚህ ድርጅቶች መታወቂያ፣ የባንክ ሂሳብና የግብር ቁጥር እርስ በርስ ያመሳክራሉ። መጀመሪያ ቀን ባይጠይቁሽ ገንዘቡ ሲጠራቀም ይጠይቁሻል። የሚጎዳው ደግሞ ያኔ ነው። የእህትሽን አድራሻ መጠቀም የሚቻልበት ትክክለኛ መንገድ አለ፤ እመጣበታለሁ።

አሁን ያለውን ሁኔታ በግልጽ ልንገርሽ። ብዙዎቹ የውጭ ሱቆች የካርድ ክፍያ የሚቀበሉት ስትራይፕ ወይም ፔይፓል በሚባሉ የክፍያ ድርጅቶች በኩል ነው። ስትራይፕ በኢትዮጵያ ለተመዘገበ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም። ፔይፓልም ቢሆን ገንዘብን ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አያወጣልሽም። የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ኤትሲም ሻጮቹን የሚቀበለው የክፍያ ሥርዓቱ ከሚሠራባቸው አገሮች ነው። እንግዲህ «የቱ ይሻላል» ከማለትሽ በፊት ብዙዎቹ በሮች ባሕር ዳር ላለ ሰው ዝግ ናቸው። ይህ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ብቻ ከማስዋቡ በፊት ማወቁ ይጠቅማል።

ሌላው ነገር፣ አንቺ ያለሽ አንድ ገበያ አይደለም፣ ሁለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እናት በካርድ፣ በዶላር፣ ሌሊት ልጆቿን አስተኝታ ትገዛለች። ባሕር ዳር ያለው አባት በቴሌብር ወይም በባንኩ መተግበሪያ በብር ይከፍላል፣ ፋይሉንም በቴሌግራም ይጠብቃል። ሁለቱን በአንድ ሱቅ ለማስተናገድ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያጣል። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ሱቆች ይኑሩሽ እላለሁ። ምርቱ አንድ፣ በሩ ሁለት።

የውጭውን በር እንይ። እዚህ ላይ እህትሽ ትልቅ ሀብት ናት። ሱቁን እሷ ትክፈተው። በራሷ ስም፣ በራሷ መታወቂያ፣ በራሷ ባንክ። አንቺ የሥራው ባለቤት ነሽ፤ እሷ ደግሞ እዚያ የምትሸጥልሽ ወኪል ናት። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ማንም መጥቶ ቢጠይቅ መልስ አላችሁ።

ታዲያ እሷ የቱን ትክፈት? የመልመጃው ዋጋ 10 ዶላር ነው እንበልና እንቁጠር።

ሾፒፋይ መሠረታዊ ዕቅዱ በወር 39 ዶላር ነው። ሸጥሽም አልሸጥሽም ይከፈላል። አራት ቅጂ ሸጣችሁ፣ የካርድ ማስተናገጃው ሲቀነስ፣ ኪራዩ እንኳ ገና አልተሸፈነም። አንድ ምርት ላለው ሰው ይህ መርካቶ ላይ ሰፊ ሱቅ ተከራይቶ አንድ ዕቃ መደርደር ነው። አሁን አያስፈልጋችሁም። አሥር ምርት ሲኖርሽ ደግመን እናወራለን።

ኤትሲ ለእያንዳንዱ ምርት መለጠፊያ 20 ሳንቲም፣ ከሽያጩ 6.5 በመቶ፣ በዚያ ላይ የክፍያ ማስተናገጃ 3 በመቶና 25 ሳንቲም ይወስዳል። ከ10 ዶላር 8.60 ገደማ ይቀርላችኋል። ጥሩ ጎኑ ሰው ራሱ ፈልጎ መምጣቱ ነው፤ የማታውቂው ሰው የአማርኛ ፊደል ብሎ ሲፈልግ ሊያገኝሽ ይችላል። ለአንቺ ግን አንድ ችግር አለው። ለአንድ ምርት የሚቀበለው አምስት ፋይል ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም ከ20 ሜጋባይት አይበልጥም። ሠላሳ ምናምን የድምፅ ቅጂ ያላት መምህርት ፋይሎቹን በአንድ ጠቅልላ ዚፕ እያደረገች መጨናነቅ አለባት። ዚፕ በስልክ መክፈት ደግሞ ስንት ወላጅ እንደሚቸግር አንቺም ታውቂዋለሽ።

ፔይሂፕ የሚባል ሌላ የዲጂታል ፋይል መሸጫ ደግሞ አለ፤ በነጻ ዕቅዱ ወርኃዊ ክፍያ የለውም። ከሽያጩ 5 በመቶ ይወስዳል፣ ስትራይፕ ደግሞ የካርዱን ይቆርጣል። ከ10 ዶላር 8.90 ያህል ይቀራል። በቁጥር ብቻ ካየነው ከእነዚህ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ጋምሮድ ውድ ነው። 10 በመቶና 50 ሳንቲም ይወስዳል፣ የካርድ ማስተናገጃውም በላዩ አለ። ከ10 ዶላር 7.90 ገደማ ነው የሚቀረው። ገዢው በጋምሮድ በራሱ የገበያ ገጽ በኩል ከመጣ ደግሞ 30 በመቶ ይቆርጣል።

እንግዲህ ፔይሂፕን እንደምመክርሽ ጠብቀሽ ይሆናል። እህትሽ ቨርጂኒያ ብትኖር ኖሮ ምናልባት እሱን እል ነበር። ግን ሜሪላንድ ናት። ሜሪላንድ ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዲጂታል ምርቶች ላይ 6 በመቶ የሽያጭ ግብር ታስከፍላለች። ሻጩ ነው ከገዢው ሰብስቦ ለግዛቲቱ የሚያስገባው። ፔይሂፕ የአውሮፓንና የእንግሊዝን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያግዛል፤ የሜሪላንዱ ግን እህትሽ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። መመዝገብ፣ ቅጽ መሙላት፣ በየጊዜው ማስገባት። የመጀመሪያ ገዢዎችሽ ደግሞ የእሷው ጎረቤቶች፣ የሜሪላንድ ሰዎች ናቸው።

ጋምሮድ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሕግ ፊት ሻጩ እሱ ራሱ ሆኗል። በሌላ አነጋገር መልመጃሽን ለገዢው የሚሸጠው ጋምሮድ ነው፤ የሽያጭ ግብሩንም እሱ ሰብስቦ እሱ ይከፍላል። ሜሪላንድም ይሁን ጀርመን፣ ስዊድንም ይሁን እንግሊዝ። አውሮፓ ውስጥ ለዲጂታል ምርት ታክሱ የሚታሰበው በገዢው አገር ሕግ ነው፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲያ ነው። ስቶክሆልም ያለ አንድ አባት አንድ ቅጂ ሲገዛ እህትሽ የስዊድንን የታክስ ሕግ ልታነብ አይገባም። በአንድ ቅጂ አንድ ዶላር መጨመሩ ለዚህ ዕረፍት የሚከፈል ነው። እኔ እከፍለው ነበር። እህትሽ ሥራና ልጆች ያላት ሰው ናት፤ ውለታዋን ወደ ቢሮ ሥራ አትቀይሪባት።

የሽያጭ ግብር ሲቀርላት የገቢ ግብር ግን አይቀርላትም። ወደ ባንኳ የሚገባው ገንዘብ በእሷ ስም ይቆጠራል። አሜሪካ ውስጥ ከግል ሥራ የተገኘ ገቢ መታወጅ አለበት፤ የተጣራው በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ደግሞ የግል ሥራ ግብር ይመጣበታል። ለአንቺ የምትልክልሽ ድርሻ ወጪዋ ስለሆነ በወረቀት መደገፍ ይኖርበታል። ስለዚህ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። የመልመጃው ባለቤት አንቺ መሆንሽን፣ እሷ የመሸጥ ፈቃድ እንዳላት፣ ከየሽያጩ ስንት ለአንቺ ስንት ለእሷ እንደሚሆን፣ በየስንት ጊዜው እንደሚላክ። እዚያ ግብሯን ለሚሠራላት ሰው ታሳየው። ገንዘቡንም በባንክ ወይም በታወቀ የሐዋላ ድርጅት ትላክልሽ፤ ደረሰኙ ለሁለታችሁም ያስፈልጋል። «እህቴ ናት፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» እንዳትይ። ወረቀቱ የሚያስፈልገው እህትሽ ስለሆነች ነው። በገንዘብ የተቀያየመ ዘመድ ስንት አይተናል።

ዋጋውን 10 ዶላር ያልኩትም በዘፈቀደ አይደለም። አንዳንዱ «ርካሽ ላድርገውና ብዙ ልሽጥ» ብሎ በ3 ዶላር ያወጣል። በጋምሮድ ከ3 ዶላር ላይ 80 ሳንቲም ለእሱ፣ 39 ሳንቲም ያህል ለካርዱ ይሄዳል። የቀረሽ 1.80 ገደማ። መቶ እጅ ሲታሰብ አርባው ሄደ ማለት ነው። ያ 50 ሳንቲም ትንሹን ዋጋ ነው የሚበላው። ስለዚህ ፊደሉን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ፣ ቁጥሩን ለብቻ እየቆረስሽ አትሽጪ። አንድ ጥቅል አድርገሽ በ10 ወይም በ12 ይሁን።

አሁን ወደ አገር ቤቱ በር። እዚህ ቴሌግራም ይበቃል ወይ ላልሽው፣ ለጅማሬ አዎ ይበቃል። ወላጆቹ ያሉት እዚያ ነው። ቻናል ክፈቺ፣ ሦስት ገጽና የአንድ ፊደል ድምፅ በነጻ ልቀቂ፣ ዋጋውን በብር ጻፊ፣ የቴሌብርና የባንክ ቁጥርሽን ስጪ። ሰው ይከፍላል፣ አንቺ ትልኪያለሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በስክሪንሹት አትመኚ። የተቀባባ የደረሰኝ ፎቶ የሚልክ ሰው አለ፣ ሱቅ ውስጥ ቆሞም ያሳያል። ፋይሉን ከመላክሽ በፊት ሁልጊዜ የራስሽን ስልክ እዪ፤ ከቴሌብር ወይም ከባንክ መልእክቱ ገብቷል? የግብይት ቁጥሩ ከላከልሽ ጋር ይገጥማል? ከዚያ ላኪ። ይህን በቀን ለአምስት ሰው ማድረግ ይቻላል። ለሠላሳ ሰው ግን ክፍል ውስጥ እያስተማርሽ አይሆንም። የቴሌግራም አካውንትሽም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ዛሬውኑ አድርጊ። ቻናሉ ከተወሰደ ሱቁም ደንበኞቹም ስምሽም አብረው ይሄዳሉ።

ሽያጩ ሲበዛ እንደ ቻፓ ወይም አሪፍፔይ ያሉ የአገር ውስጥ የክፍያ አገናኞች አሉ። ገዢው በቴሌብርም በባንክም ሲከፍል ሥርዓቱ ራሱ ያረጋግጣል፣ አንቺ ስልክ ስታገላብጪ አትውዪም። እነሱ ጋር እንደ ነጋዴ ለመመዝገብ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልግሻል። እሱ ደግሞ ለመክፈያው ብቻ አይደለም። በመደበኛነት መሸጥ ከጀመርሽ የትም ሆነ የት የሚያስፈልግ ነገር ነው። ወረዳሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ፤ የሚስማማሽን የሥራ ዘርፍ እነሱ ይነግሩሻል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ ከስልክሽ መሸጥሽ የሚያሳፍር ወይም የሚደበቅ ሥራ አይደለም።

ስርቆት እንደሚያሳስብሽ እገምታለሁ። እዚህ አገር ፒዲኤፍ እንዴት እንደሚዞር ሁላችንም እናያለን። ቴሌግራም ቻናል ላይ ሰው እንዳያስቀምጥና እንዳያስተላልፍ መከልከል ይቻላል። ለአንቺ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ወላጁ መልመጃውን ማተም አለበት። ለማተም ፋይሉን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። ፋይሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ቀጣዩ ወላጅ «የፊደል መልመጃ አላችሁ?» ሲል የአንቺን ያትሙለታል። ይህን ሙሉ በሙሉ ማስቆም አትችይም። መቀነስ ግን ትችያለሽ። በየገጹ ግርጌ ስምሽንና የቻናልሽን አድራሻ ጻፊ፤ የተባዛው ቅጂ ራሱ ወደ አንቺ ይመልሳል። ከአገር ውስጥ ለሚገዙሽ የገዢውን ስም የመጀመሪያው ገጽ ላይ አስገብተሽ ላኪ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ጋምሮድ ደግሞ የገዢውን ኢሜይል በፒዲኤፉ ላይ የሚያትም አማራጭ አለው፤ እህትሽ ታብራው። ስሙ ያለበትን ወረቀት ሰው ቶሎ አያሠራጭም። ለትምህርት ቤቶች ለብቻው ዋጋ አውጪ፤ አንድ ጊዜ ከፍለው ለሁሉም ተማሪ እንዲያባዙ ፈቃድ ስጫቸው። መቶ ወላጅ ከማሳደድ አንድ ርዕሰ መምህር ማነጋገር ይቀላል።

ሕጉም ከአንቺ ጋር ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው የአንቺ የሚሆነው ስለሠራሽው ነው። ግን ይኸው ሕግ በተቃራኒውም ይሠራል። እስቲ ልጠይቅሽ፦ «አ» ላይ ያለው የአንበሳ ሥዕል ከየት መጣ? ከኢንተርኔት አውርደሽው ከሆነ ክፍል ውስጥ ማንም ላይናገርሽ ይችላል። ስትሸጪው ግን የሌላ ሰው ሥራ እየሸጥሽ ነው። አንድ የባለቤትነት አቤቱታ ሱቁን ሊያዘጋው ይችላል። ሥዕሎቹን ቀይሪያቸው። ባሕር ዳር ውስጥ ሥዕል የሚችል ወጣት አታጪም። ከፍለሽ አሠሪው፣ መብቱን ለአንቺ መስጠቱንም አስፈርሚው። የፊደል ቅርጹም (ፎንቱም) ላይ ተጠንቀቂ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ለንግድ ሥራም በነጻ የተፈቀዱ ናቸው። ፒዲኤፉን ስታወጪ ፎንቱ አብሮ መግባቱን አረጋግጪ። ካልሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ በ«ሀ» ምትክ ባዶ ሳጥን ያያል።

ስለ መታተም ካነሳሁ፣ የአሜሪካ ወረቀትና የእኛ ወረቀት አንድ አይደለም። እኛ የምንጠቀመው ኤ4 ቁመቱ 297 ሚሊሜትር ነው፣ የእነሱ ሌተር 279። በኤ4 የሠራሽው እዚያ ሲታተም ወይ ከታች ይቆረጣል ወይ ያንሳል። የመጻፊያው መስመር ከተቆረጠ ወላጁ ገንዘቤን መልሱ ይላል፣ እውነቱንም ነው። ሁለት ፋይል አዘጋጂ፣ ሁለቱንም በአንድ ጥቅል አስገቢ። የእኛን አገሩን ደግሞ ጥቁርና ነጭ ሲታተም የሚያምር አድርጊው፤ ባለቀለም ኅትመት ለብዙ ቤት ይከብዳል።

እንግዲህ ሱቁ ሲከፈት ለማንም ከማስተዋወቃችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። የእህትሽ ሁለት ጓደኞች በየራሳቸው ካርድ አንድ አንድ ቅጂ ይግዙ፤ ጋምሮድ 10 ዶላር ሳይሞላ አይከፍልም፣ ከአንድ ቅጂ ደግሞ 7.90 ገደማ ብቻ ነው የሚቀረው። ፋይሉ በስልካቸው ይከፈት እንደሆነ፣ ድምፁ ይሰማ እንደሆነ ይንገሩሽ። ጋምሮድ የሚከፍለው ዓርብ ዓርብ ስለሆነ ገንዘቡ እህትሽ ባንክ እስኪገባ ጠብቁ። ከዚያ ድርሻሽን ባሕር ዳር ትላክልሽ፣ አንቺም ከባንክሽ በብር አውጪው። ከ20 ዶላሩ እጅሽ ላይ ስንት እንደደረሰና ስንት ቀን እንደፈጀ በወረቀት መዝግቢ። ቁጥሩን ለእኔም ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።